ላክቴት ከፍ ብሏል እየተባለ ላክቴት የተጻፈበት ግሉኮስ ለምን ይሰቀላል?

ጥያቄ፦ አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፤ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ስላለባቸው ሜትፎርሚንና ኢናላፕሪል ይወስዳሉ። በረመዳን ተቅማጥና ትውከት ያዛቸው። "አላፈጥርም" ብለው ሁለት ቀን ታገሉ። ወገባቸውን ሲያማቸው ደግሞ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝተው ዋጡ። በሦስተኛው ቀን እጅ እግራቸው ቀዝቅዞ መቃዠት ሲጀምሩ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ከዚያ ወደ ደሴ ሪፈር ተባሉ። ሲገቡ ግፊታቸው 80 በ50፣ ላክቴት 6.4፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) 2.9 ነበር። ከስድስት ሰዓት በኋላ ላክቴቱ 3.8፣ በማግስቱ 2.1 ሆነ። ሜትፎርሚኑንና የግፊቱን ኪኒን አስቆሟቸው፤ ክሪያቲኒናቸው 1.6 ላይ ሲደርስ ወጡ። አሁን ይበላሉ፣ መስጊድም በእግራቸው ይሄዳሉ። ባለፈው ሳምንት ግን እዚሁ ኮምቦልቻ ደም ተቀድቶ ለምርመራ ደሴ ተላከና ላክቴት 3.7 ተብሎ መጣ። ስኳሩ 112 ይላል፤ በዚያው ጠዋት ቤት ስንለካው 134 ነበር። አንድ ዘመዳችን "ላክቴት የካንሰር ምልክት ነው" አለን። የአባቴ ወንድም ሜትፎርሚን ይወስድ ነበር፤ ፈርቶ ተወው። ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ፦ ሆስፒታል እያሉ የሰቀሉላቸው ግሉኮስ ላይ "ላክቴት" የሚል ተጽፎ አይቻለሁ። ላክቴት በዝቶባቸው ላክቴት መጨመር እሳት ላይ ጭድ መጣል አይደለም? እርጎስ እንከልክላቸው? አዲስ አበባ እንውሰዳቸው?

መልስ፦

አብሽሩ። ላክቴት ማለት ሴሎቻችን ስኳርን ሲሰብሩ የሚወጣ ነገር ነው። ያስደነገጣችሁ 3.7ቱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ከነገሩኝ ቁጥሮች ሁሉ እኔን በጣም ትንሽ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ደም ከክንድ ወጥቶ ብልቃጥ ውስጥ ስለገባ ብቻ ሥራውን አያቆምም። ቀይ የደም ሴሎች ኦክስጅን ተሸክመው ይዞራሉ እንጂ ራሳቸው አይጠቀሙበትም፤ ኦክስጅን የሚቃጠልበት ሚቶኮንድሪያ የሚባለው የሴል ክፍል የላቸውም። የሚኖሩት ስኳርን ሰብሮ ላክቴት በማድረግ ብቻ ነው። ይህን በደም ሥር ውስጥ ሲሠሩ ይውላሉ፤ ብልቃጥ ውስጥም ይቀጥላሉ። ልዩነቱ፣ በሰውነት ውስጥ ሲሆኑ ያመረቱትን ላክቴት ጉበት እየተቀበለ ያነሳዋል። ብልቃጥ ውስጥ ግን የሚያነሳው የለም፤ ይጠራቀማል።

አሁን የአባትዎን ደም መንገድ ያስቡት። ጠዋት ኮምቦልቻ ተቀዳ፤ የሚወስደው ሰው እስኪመጣ ጠበቀ፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ገባ፤ እዚያም ከሌሎች ናሙናዎች ጋር ተራ ያዘ። በትንሹ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሄዷል ብል አልተሳሳትኩም። ለላክቴት ደግሞ የሚመከረው፣ ደሙ በተቀዳ በ15 ደቂቃ ውስጥ ማሽን ላይ እንዲወጣ ነው። ይህ ካልተቻለ ፍሎራይድ ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ግራጫ ክዳን ባለው ብልቃጥ ተቀድቶ በረዶ ላይ ተቀምጦ መሄድ፣ ፈሳሹም ከሴሎቹ ቶሎ መለየት አለበት። ፍሎራይዱ ሴሎቹን ስኳር መስበር ያስተዋቸዋል። በተለመደው ብልቃጥ ተቀድቶ በመኪና የተጓዘ ደም የሚያሳየው ግን አባትዎ ሰውነት ውስጥ ያለውን ላክቴት ብቻ አይደለም፤ መንገድ ላይ የተመረተውም ተደምሮበታል።

ይህን በግምት ብቻ አልልም፤ እርስዎ ራስዎ ማስረጃውን ጽፈውልኛል። ጠዋት ቤት ውስጥ 134 የነበረው ስኳር ላብራቶሪ ሲደርስ 112 ሆኗል። 22 ሚሊግራም ጠፍቷል ማለት ነው። የት ሄደ? ከአንድ የስኳር ሞለኪውል ሁለት ላክቴት ይወጣል። 22 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወደ ሚሊሞል ሲለወጥ ለ18 ይካፈልና 1.2 ያህል ይመጣል፤ በሁለት ሲባዛ 2.4። ይህን ከ3.7 ላይ ቢቀንሱት 1.3 ይቀራል፤ የጤነኛ ሰው ላክቴት ማለት ነው። ስሌቱን እንደ ሚዛን አይያዙት። የቤት መለኪያና የላብራቶሪ ማሽን ሁልጊዜ አይስማሙም፤ መለኪያው ብቻውን ከመቶ አስርና አስራ አምስት እጅ ሊስት ይችላል። አቅጣጫውን ግን ያሳያል፦ ስኳሩ ወርዶ ላክቴቱ የወጣው በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ነው።

ደም የቀዳውን ክሊኒክ ለመውቀስ አይደለም። ላክቴት ከክሪያቲኒንና ከጉበት ምርመራ ጋር በአንድ ወረቀት ሲታዘዝ፣ የሚቀዳውም እንደ እነሱ ነው። እነሱ ግን መንገድ ይችላሉ፤ ላክቴት አይችልም። ክንድ ለረጅም ጊዜ ታስሮ፣ ታካሚው ጡጫውን እየጨበጠና እየዘረጋ የተቀዳ ደምም ላክቴቱ በመጠኑ ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። እኔ ብሆን፣ ተመላላሽ ሆኖ በእግሩ ለመጣ፣ ግፊቱ ደህና ለሆነ፣ ለሚበላና ለሚጠጣ ሰው ላክቴትን መጀመሪያውኑ አላዝም። የአጣዳፊ ሕመም ምርመራ ነው። ደህና ሰው ላይ ሲሠራ ከሚመልሰው ይልቅ የሚያስነሳው ጥያቄ ይበዛል፤ የእናንተ ቤትም ያየው ይህንኑ ነው።

ስለ አሃዱም አንድ ነገር ልበል። አብዛኛው ማሽን ላክቴትን በሚሊሞል በሊትር ያትማል፤ ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ሰው ከ2 በታች ነው። አንዳንዱ ማሽን ደግሞ በሚሊግራም በዴሲሊትር ያትምና ቁጥሩ ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ከተለያየ ቦታ የመጡ ወረቀቶችን ጎን ለጎን አድርጎ ከ2 ወደ 18 ዘለለ ብሎ የሚደነግጥ ሰው አለ፤ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ወደ ሆስፒታሉ እንመለስ። 6.4፣ 3.8፣ 2.1። እነዚህ ሦስቱ የእውነት ናቸው፤ በታማሚው አልጋ አጠገብ ተቀድተው ወዲያው የተለኩ ስለሚመስሉኝ ብቻ ሳይሆን፣ ከሰውየው ሁኔታ ጋር አብረው ስለሄዱም ነው። ግፊት 80 በ50፣ የቀዘቀዘ እጅ፣ መቃዠት፣ የተጎዳ ኩላሊት። 6.4 ከዚህ ሁሉ ጋር ሲመጣ ቀልድ አይደለም፤ አባትዎ ሞትን አይተው ነው የተመለሱት። ሁለት ቀን በተቅማጥና በትውከት የወጣው ውኃ ስላልተተካ በደም ሥራቸው የሚዞረው ደም አንሷል። ግፊት ሲወድቅ ሰውነት ደሙን ለአንጎልና ለልብ ያስቀድማል፤ ከቆዳ፣ ከአንጀት፣ ከኩላሊት ይቀንሳል። እጃቸው የቀዘቀዘው ለዚህ ነው። ደም የጎደለባቸው ቦታዎች በቂ ኦክስጅን ስለማያገኙ ስኳርን እስከ ላክቴት ብቻ ሰብረው ያቆማሉ። በላዩ ላይ በጭንቅ ጊዜ የሚረጨው አድሬናሊን፣ ኦክስጅን ባልጎደለበት ጡንቻ ውስጥ እንኳ የላክቴትን ምርት ያፋጥናል። የሚያነሱት ጉበትና ኩላሊት ደግሞ ራሳቸው ደም አጥሯቸዋል። ምርቱ ጨመረ፣ ማንሻው ደከመ፤ ቁጥሩ ወጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ባለሙያም ጭምር፣ የሚስተው ነገር አለ። ላክቴት ራሱ መርዝ አይደለም። ደህና በሆንንበት ሰዓትም አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 1,400 ሚሊሞል ያህል ላክቴት ያመርታል፤ በዚያው ቀንም ይጠቀምበታል። ልብ እንደ ነዳጅ ያቃጥለዋል። ጉበት መልሶ ስኳር ያደርገዋል፤ ይህን ከጡንቻ ወደ ጉበት፣ ከጉበት ወደ ጡንቻ የሚዞር ዑደት የገለጹት ካርልና ገርቲ ኮሪ የተባሉ ባልና ሚስት ሲሆኑ፣ በ1947 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ስለዚህ 6.4 ሲታይ ሐኪሙ ማሳደድ ያለበት ላክቴቱን አይደለም፤ ላክቴቱን ያስነሳውን ነገር ነው። አባትዎ ላይ የተደረገውም ይኸው ነው፦ ፈሳሽ ተሰጠ፣ ግፊት ተመለሰ፣ ኩላሊት ሽንት ማውጣት ጀመረ፤ ላክቴቱ በራሱ ወረደ። ማንም ላክቴት የሚቀንስ መድኃኒት አልሰጣቸውም፤ እንዲህ ያለ መድኃኒትም አያስፈልግም ነበር።

አንዱን ቁጥር ብቻ ከማየት ይልቅ መሄጃውን ማየት ይበልጣል የምንለውም ለዚህ ነው። 6.4 ገብቶ በስድስት ሰዓት 3.8 የሆነ ሰውና 3.8 ገብቶ በስድስት ሰዓት 4.5 የሆነ ሰው አሉኝ እንበል፤ ሌሊቱን ከአልጋው አጠገብ የማልርቀው ሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ እሳቱና ጭዱ። ጥያቄዎ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሕክምና ተማሪዎችም ይጠይቁታል። ያዩት ከረጢት ሪንገር ላክቴት ይባላል። እኛ አገር በደም ሥር የሚንጠለጠለውን ሁሉ ግሉኮስ እንለዋለን እንጂ ይኼኛው ስኳር የለበትም፤ ጨው፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ሶዲየም ላክቴት ነው ያለበት። አንዱ ሊትር 28 ሚሊሞል ላክቴት ይይዛል። ሁለት ሊትር ቢሰጧቸው 56 ሚሊሞል ገባ ማለት ነው፤ ሰውነታቸው በደህናው ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያመርተው ያህል። ከብዛቱ በላይ ደግሞ ዓይነቱ ወሳኝ ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ላክቲክ አሲድ ሳይሆን ሶዲየም ላክቴት ነው፤ አሲድ ይዞ አይመጣም። ጉበት ላክቴቱን ሲያቃጥለው የሚቀረው ባይካርቦኔት ነው፤ ባይካርቦኔት ደግሞ የደምን አሲድነት የሚያለዝብ ነው። ፈሳሹ የተፈለሰፈበት ምክንያትም ይኸው ነበር፦ አሌክሲስ ሃርትማን የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ቀደም ሲል በእንግሊዛዊው ሲድኒ ሪንገር በተሠራው የጨው ውኃ ላይ ላክቴት የጨመረው በተቅማጥ ደማቸው አሲድ ለበዛባቸው ሕፃናት ብሎ ነው። እንደ አባትዎ ላለ ሰው ማለት ነው። ብዙ ሊትር ኖርማል ሳላይን (ተራው የጨው ውኃ) ብቻ ቢሰጣቸው ኖሮ በውስጡ ያለው ክሎራይድ ራሱ አሲድነቱን ሊያባብሰው ይችል ነበር። ጉበቱ ክፉኛ የደከመ ሰው ላይ እንጠነቀቃለን፤ የአባትዎ ጉበት ግን ላክቴቱን በአንድ ሌሊት ከ6.4 ወደ 2.1 ሲያወርድ ሥራውን አሳይቷል።

ሜትፎርሚን። እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ዛሬ ከአባትዎ ይልቅ አጎትዎ የበለጠ አደጋ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሜትፎርሚን ስኳርን ከሚያወርድባቸው መንገዶች አንዱ ጉበት አዲስ ስኳር እንዳያመርት ማድረግ ነው። ጉበት ለዚያ ምርት ከሚጠቀምባቸው ግብዓቶች አንዱ ላክቴት ስለሆነ፣ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሲበዛ ላክቴት ሳይነሳ ይቀራል። በትክክለኛው መጠን ይህ ችግር አያመጣም። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ግን ሳይለወጥ በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊት ሲዘጋ ይከማቻል። አባትዎ ላይ የደረሰው ሰንሰለት እንዲህ ይመስለኛል፦ ተቅማጡ ውኃ ነጠቃቸው፤ ውኃ ሲያንስ ኩላሊት የራሱን ግፊት የሚጠብቅባቸው ሁለት ዘዴዎች አሉ፤ አንዱን ኢናላፕሪል ይዘጋዋል፣ ሌላውን ዳይክሎፌናክ ይዘጋዋል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተዘጉና ኩላሊቱ ቆመ። ከዚያ በየቀኑ የሚዋጠው ሜትፎርሚን መውጫ አጣ። የላክቴቱ ዋና ምክንያት ግፊቱ መውደቁ ነው፤ ሜትፎርሚኑ አገዘው እንጂ አልጀመረውም። እንዲህ የምለው በፈሳሽ ብቻ ቶሎ ስለወረደ ነው። በሜትፎርሚን ክምችት ብቻ የመጣ ላክቴት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እጅግ የበዛ ነው፤ ግፊቱ ከተመለሰ በኋላም አልወርድ ይላል፤ አንዳንዴም የኩላሊት እጥበት ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ እኔ በጣም የምፈራው ሜትፎርሚኑን እንዳይመስልዎ፤ ዳይክሎፌናኩን ነው። ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ ለወገብም ለጉልበትም ለራስ ምታትም ይዋጣል። የስኳርና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ተቅማጥ ይዞት ሳለ ሊነካው አይገባም። አይቡፕሮፌንም እንደዚያው። ወገብ ካመማቸው ፓራሲታሞል ይበቃል።

ሜትፎርሚን በላክቴት ስሙ የጠፋው በዘመዱ ምክንያትም ነው። ፌንፎርሚን የሚባል ተመሳሳይ የስኳር መድኃኒት ነበር፤ ላክቴት እያበዛ ሰው ስለገደለ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በብዙ አገር ከገበያ ወጣ። የሜትፎርሚን ግን በመቶ ሺህ ተጠቃሚ በዓመት ከ10 በታች ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳይ ነው፤ እነዚያም አብዛኞቹ እንደ አባትዎ ኩላሊታቸው በሌላ ነገር የተጎዳ ናቸው። መመሪያው ግልጽ ነው፦ የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ30 በታች ከሆነ ሜትፎርሚን ይቆማል፤ ከ30 እስከ 45 ባለው አዲስ አይጀመርም፣ ሲወስድ የነበረ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መጠኑ በግማሽ ይቀነስለታል፤ ከዚያ በላይ ይወሰዳል። ይህ አቅም ከክሪያቲኒን፣ ከዕድሜና ከፆታ ይሰላል። ለ64 ዓመት ወንድ ክሪያቲኒን 2.9 ሲሆን ወደ 23 ይወርዳል፤ 1.6 ሲሆን 48 አካባቢ ነው፤ 1.2 ቢደርስ ከ60 ያልፋል። ኩላሊት በየቀኑ እየተለዋወጠ ባለበት ሰሞን ስሌቱ በደንብ አይያዝም፤ ስለዚህ ሆስፒታሉ 1.6 ላይ ሲያስወጣቸው ወዲያው ያላስጀመራቸው ልክ ነው። ክሪያቲኒኑ ረግቶ ሲታይ ሐኪማቸው ምናልባት ይመልስላቸዋል። ምናልባት ያልኩት ሙሉ ወረቀታቸውን ስላላየሁ ነው።

አጎትዎ ግን ተቅማጥ የለባቸውም፣ ኩላሊታቸው ታሟል የሚልም ነገር አልነገሩኝም፤ ከወንድማቸው ሕመም ተነስተው መድኃኒታቸውን ተዉ። ስኳራቸው ዛሬ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ አለ? እንደ አባትዎ ያለ ላክቴት ሺዎች ውስጥ አንድ ሰው ላይ እንኳ በዓመት አይደርስም፤ መድኃኒቱን አቋርጦ ስኳሩ 400 የገባ ሰው ግን በየሳምንቱ ወደ ሆስፒታል ይመጣል። ዛሬውኑ ስኳራቸውን ይለኩ፤ በዚህ ዓመት የተሠራ የኩላሊት ምርመራ ከሌላቸው ይመርመሩ፤ ከዚያ ከሐኪማቸው ጋር መድኃኒታቸውን ይቀጥሉ።

ስለ ጾሙ ደግሞ፣ ለታመመ ሰው ማፍጠር እንደተፈቀደና ቀኑን በኋላ ቀዳ ማውጣት እንደሚችል ከእኔ በተሻለ የሰፈራችሁ ሸኽ ይነግሯቸዋል። እኔ የምጨምረው የሐኪሙን ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዛቸው ቀን፣ በረመዳንም ይሁን በሌላ ጊዜ፣ ሜትፎርሚን፣ ኢናላፕሪልና የሽንት ኪኒን ካለ እሱም ለጊዜው ይቁሙ፤ ኦአርኤስ ይጠጡ፤ በደንብ መብላትና መጠጣት ከጀመሩ አንድ ሁለት ቀን በኋላ ይመለሱበታል። ይህ ለኢንሱሊን አይሠራም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስለታመመ ብቻ ማቆም የለበትም፤ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክላል። ይህን ትእዛዝ ከቀጠሮ ካርዳቸው ጀርባ ላይ እንዲጽፍላችሁ ሐኪሙን ጠይቁት።

"የካንሰር ምልክት ነው" ያላችሁ ዘመዳችሁ ሁለት ምርመራ ያምታታ ይመስለኛል። ኤልዲኤች የሚባል አለ፤ በሙሉ ስሙ ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ። ኢንዛይም ነው፤ ሴል ሲጎዳ ወይም ሲፈርስ ደም ውስጥ ይወጣል፤ አንዳንድ ካንሰሮችን ለመከታተልም ይሠራበታል። ደሙ በአያያዝ ከፈረሰም ይወጣል። ላክቴት ሌላ፣ ኤልዲኤች ሌላ። አንዳንድ የደም ካንሰሮች ላክቴትን ሊያበዙ መቻላቸው እውነት ነው፤ በፈሳሽ ብቻ በአንድ ሌሊት የሚወርድ ግን እሱ አይደለም።

እርጎውን ይጠጡ። እርጎን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ መሆኑ እውነት ነው፤ አንድ ኩባያ የሚያስገባው መጠን ግን ለጤነኛ ጉበት ምንም አይደለም። ተቅማጡ ገና ካልለቀቃቸው ሌላ ጉዳይ ነው፤ አሁን ግን ደህና ናቸው ብለውኛል።

ጤና ጣቢያው ላክቴት አለመለካቱ ጎድቷቸው ይሆን ብላችሁ ብታስቡ፣ አይመስለኝም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በአምስት የደቡብ አሜሪካ አገሮች የተሠራ ጥናት ነበር፤ በኢንፌክሽን ምክንያት ደም ግፊታቸው የወደቀባቸውን 424 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ ላክቴታቸው እየታየ፣ ግማሾቹ ደግሞ የጣታቸው ጫፍ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በስንት ሰከንድ እንደሚመለስ እየታየ ታከሙ። ጣታቸው እየታየ የታከሙት የባሰ አልሆነባቸውም፤ እንዲያውም የሞቱት ቁጥር አንሶ ታየ፤ ልዩነቱ ግን በአጋጣሚ የመጣ አይደለም ለማለት የሚያበቃ አልነበረም። ማሽን በሌለበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጣት ለ10 ሰከንድ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ፣ እጁም ከቀዘቀዘ፣ ላክቴት ሳይጠበቅ ፈሳሽ ይጀመራል፣ ሪፈር ይጻፋል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ አባትዎን ቀዝቅዘው አይቶ ወዲያው ላካቸው፤ ከዚያ በላይ ማድረግ የሚችለው ብዙ አልነበረም።

ይህን መልስ ሌሎችም ስለሚያነቡት፣ ከግፊት መውደቅና ከኢንፌክሽን ውጪ ላክቴትን ከፍ የሚያደርጉ፣ እዚህ አካባቢ የሚያጋጥሙኝን ልጥቀስ። አስም ተነስቶበት ሳልቡታሞል ደጋግሞ የሳበ ሰው ላክቴቱ ሊወጣ ይችላል፤ ሳንባው እየተሻለው ቁጥሩ ሲወጣ የከፋበት እንዳይመስል። የሚጥል በሽታ ሲነሳም ይወጣል፤ መንቀጥቀጡ ከቆመ አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ሊንዞሊድ የሚወስድ ሰው ማቅለሽለሽና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከጀመረው ላክቴት መታሰብ አለበት። ምግብ ሳይበላ አረቄ ላይ የሰነበተ ወይም በእርግዝና ለሳምንታት ያስመለሳት ሰው ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) አልቆባቸው ላክቴት ሊበዛባቸው ይችላል፤ ርካሽ በሆነ መርፌ ይመለሳል፤ ካልታሰበ ግን ይገድላል። ከባድ ወባም አለ። ከባቲና ከቆላው ወረዳዎች ትኩሳት ይዞ በፍጥነት እየተነፈሰ የሚመጣ ሰው ላይ ላክቴት 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወባው ከባድ ለመባል ይህ አንዱ መስፈርት ነው።

የደሴ ነገር ደግሞ ከሰል ነው። በክረምት ብርዱ ሲብስ ምድጃውን ቤት አስገብቶ በሩን መዝጋት የተለመደ ነው። ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ራሱን አሞት፣ እያስመለሰው፣ አንዱ ራሱን ስቶ ይመጣል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 98 ይላል፤ ማሽኑ የከሰሉን ጭስ ከኦክስጅን ለይቶ አያውቅምና። ላክቴታቸው ግን ይወጣል። እዚያ ላይ 98ቱን ማመን የለብንም፤ ንጹሕ ኦክስጅን ወዲያው ይጀመራል። ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጠዋት ራስ ምታት ይዞት ከመጣ፣ ስለ ምግብ ከመጠየቅ በፊት ስለ ምድጃው መጠየቅ ይበጃል።

አሁን ለአባትዎ። አዲስ አበባ መውሰድ አያስፈልግም። ላክቴት ደግማችሁ አታሠሩ፤ ሐኪሙ የግድ ልየው ካለ ደሴ ሆስፒታል ውስጥ ተቀድቶ እዚያው ወዲያው ይለካ። የሚያስፈልገው ክሪያቲኒን፣ ፖታሲየምና የሽንት ምርመራ ነው፤ ክሪያቲኒን ኮምቦልቻም ሊሠራ ይችላል። ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸውን ወረቀት፣ የ1.6ቱን ውጤት፣ ቤት የለካችሁትን የስኳርና የግፊት መዝገብ ይዛችሁ ስኳራቸውን ወደሚከታተለው ሐኪም ሂዱ፤ ሜትፎርሚኑም ኢናላፕሪሉም መመለስ አለመመለሳቸውን እሱ ይወስን። በመካከሉ ስኳራቸው ከ250 በላይ ከዋለ ቀጠሮ አትጠብቁ። እንደገና ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸውና መጠጣት ካልቻሉ፣ ሽንታቸው ለግማሽ ቀን ከጠፋ፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ወይም እንደዚያኛው ቀን እጃቸው ቀዝቅዞ ንግግራቸው ከተዘባረቀ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል አድርሷቸው፤ ለሐኪሙም "ሜትፎርሚን፣ ኢናላፕሪል፣ ከዚህ በፊት ኩላሊት" ብላችሁ ከበሩ ላይ ንገሩት።